የቡና ጢንዚዛዎችን በዝርያ መለየት ለተባይ መከላከል መሠረት ነው

ዲላ፦ በጌዴኦ ዞን ይርጋጨፌ ወረዳ በምትገኘው ኢዲዶ፣ ቡና ከእንሰትና ከጥላ ዛፎች ጋር ተሰባጥሮ ይለማል። በቡናው ግንድ ወይም ፍሬ ላይ በጢንዚዛ የተሰረሰረ ቀዳዳ የሚያጋጥመው አርሶ አደር ተገቢውን እርምጃ ለመውሰድ በቅድሚያ የተባዩን ማንነት ማወቅ ይኖርበታል።

ግንድ ሰርስረው ከሚያድጉት ነፍሳት መካከል ረጅም ቀንድ ጢንዚዛዎች ይጠቀሳሉ። በሳይንሳዊ አጠራር ሴራምቢሲዴ በተሰኘው ቤተሰብ የሚመደቡት እነዚህ ነፍሳት ከ35 ሺህ በላይ ዝርያዎች እንዳሏቸው ይታወቃል። ስያሜያቸውን ያገኙት ብዙውን ጊዜ ከአካላቸው ከሚረዝመው የመዳሰሻ ቀንዳቸው ነው። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 አብዛኞቹን በሴራምቢክስ ወገን ሥር መድቧቸው የነበረ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ላትሬል በ1802 በቤተሰብ ደረጃ አደራጅቷቸዋል።

ይሁንና ቀንዳቸው አጭር የሆነ ዝርያዎች በመኖራቸው የቀንድ ርዝመት ብቻውን በቂ መለያ አይደለም። በዚህም ምክንያት የፊት አቀማመጥ፣ የዓይን ቅርፅና የእግር አወቃቀር አብረው ይመረመራሉ።

የዚህን አስፈላጊነት የቡና ተባዮች በግልጽ ያሳያሉ። በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ የሚታወቀው ሞኖካመስ ሊኮኖተስ እና በህንድ ቡናን የሚያጠቃው ዛይሎትሬከስ ኳድሪፔስ ሁለቱም “ነጭ የቡና ግንድ ሰርሳሪ” ይባላሉ። ሆኖም የመጀመሪያው ፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች በሚወርደው ላሚኔ፣ ሁለተኛው ደግሞ በሴራምቢሲኔ ንዑስ ቤተሰብ ይመደባሉ።

በኢትዮጵያ የሚገኘው የቡና ፍሬ ሰርሳሪ በአንጻሩ ርዝመቱ 2 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ሲሆን የሚመደበውም በሌላ የጢንዚዛ ቤተሰብ ነው።

ልዩነቱ የመከላከያ ዘዴውንም ይወስናል። የግንድ ሰርሳሪ እጭ በእንጨቱ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚያድግ ከውጭ የሚረጭ ኬሚካል በቀላሉ አይደርስበትም። ክፉኛ የተጎዳውን ተክል ነቅሎ ማቃጠል ከዘዴዎቹ አንዱ ነው። የፍሬ ሰርሳሪን ለመቀነስ ግን በዛፉ ላይ የቀሩትንና መሬት የወደቁትን ፍሬዎች ለቅሞ ማስወገድ ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል በርካታ ረጅም ቀንድ ጢንዚዛዎች የሚመገቡት የሞተ እንጨት በመሆኑ፣ ግንዱ በስብሶ አፈር እንዲሆን ያግዛሉ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ዛፍን፣ እንሰትንና ቡናን አጣምሮ በያዘው ነባር የአስተራረስ ዘዴው ጭምር ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ማሳ ተባዩን ከጠቃሚው መለየት ቡናውንም ዛፎቹንም ለመጠበቅ ይረዳል።