ገንዳው ሲያረንጉድ፦ ከመጨመርዎ በፊት ይለኩ

እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የውሃ ዝላይ የሚካሄድበት ገንዳ በአንድ ቀን ውስጥ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ዓለም በቴሌቪዥን ተመልክቷል። አዘጋጆቹ በኋላ እንዳስረዱት፣ ውሃው ውስጥ የተጨመረው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የክሎሪኑን ኃይል አጥፍቶት ነበር። አጠገቡ ያለው ገንዳ 3.7 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ውሃው ተቀየረለት። እዚያ የደረሰው በግቢዎ ወይም ልጆችዎ በሚዋኙበት ክለብም ሊደርስ ይችላል።

ውሃው ሲያረንጉድ ብዙዎቻችን የምንሮጠው ክሎሪን ለመጨመር ነው። መቅደም ያለበት ግን መለካት ነው። ውሃ ከሚገባበት ቱቦ ርቀው፣ እጅዎን እስከ ክርንዎ አስገብተው ናሙና ይቅዱ። መጀመሪያ ፒኤቹን ይመልከቱ፤ ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት። 8 ከደረሰ፣ ከሚጨምሩት ክሎሪን በብርቱ የሚሠራው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረውን ገንዘብዎን ውሃ በላው ማለት ነው።

ፒኤቹ ሲስተካከል ክሎሪኑን ማምሻውን ይጨምሩ፤ ፀሐይ ታጠፋዋለችና። ግድግዳውንና ወለሉን በብሩሽ ይፈግፍጉ፤ ማጣሪያው ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በጠብታ ወይም በኪኒን የሚሠራው መለኪያ ቀለም ካላሳየ «ክሎሪን የለም» ብለው አይቸኩሉ። ክሎሪኑ ከመጠን ሲያልፍ የመለኪያውን ቀለም ራሱ ያነጣዋል። ናሙናውን ክሎሪን በሌለው ውሃ አቅጥነው ይድገሙት።

አልጌው መሞቱን ለማወቅ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይለኩ፤ ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ ደግሞ ይድገሙ። ክሎሪኑ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በላይ ከቀነሰ፣ ውሃው የጠራ ቢመስልም ሥራው አላለቀም።

እስከዚያው ልጆችን አያስገቡ። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ የሰመጠ ልጅ ከዳር ለቆመ ሰው አይታይም። የገንዳው ወለል በግልጽ ሲታይና ክሎሪኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ሲሆን መዋኘት ይቻላል።

ፒኤች ለማውረድ የሚያገለግለውን አሲድ ከክሎሪን ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በረኪናም ያው ክሎሪን ነው። ሁለቱንም ለየብቻ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ።

ልጆችዎን ወደ ክለብ ወይም ሆቴል ሲወስዱም ከመግባታቸው በፊት «የዛሬው ልኬት ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። በአግባቡ የሚሠራ ገንዳ መልሱ በመዝገብ ተጽፎ ይገኛል።