ከትምህርት በኋላ ወዴት? ስለ ሰፈር የወጣቶችና የቤተሰብ ማዕከሎች

የትምህርት ቤት ደወል ከቀኑ በ9 ሰዓት ተኩል ይደወላል። አብዛኞቹ ወላጆቻችን ግን ከሥራ ወደ ቤት የሚመለሱት ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። በመካከሉ ባለው ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ተማሪው መምህሩም ወላጁም የማያዩት ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ ላብራራ ያሰብኩት ይህን ጊዜ በሚመለከት በሌላው ዓለም ምን እንደ ተደረገ፣ በእኛም አገር ምን እንዳለና ምን እንደ ጎደለ ነው።

ተማሪው ቤቱ ሄዶ ያጥና የሚል ካለ፣ ቤቱ ስንት ክፍል እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። በአንድ ክፍል ውስጥ ታናናሾች እየተንጫጩ፣ እናት ወጥ እየሠራች፣ ቴሌቪዥኑም እየጮኸ ማጥናት ለጥቂቶች የተሰጠ ጸጋ ነው። ወደ ውጭ ብቅ ሲል ደግሞ ደጃፉ ላይ የሚጠብቁት የጆተኒ ጠረጴዛና ፑል ቤት፣ ጥቂት ራቅ ብሎም መጋረጃ የተጋረደበት ጫት ቤት ናቸው። ጆተኒን ለመንቀፍ አይደለም፤ ጨዋታው ጥሩ ጨዋታ ነው። ነገር ግን እነዚህን ቤቶች ሁሉ የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። ይኸውም በራቸው ሁልጊዜ ክፍት መሆኑና የሚገባውን ሰው «ለምን መጣህ?» የሚለው አለመኖሩ ነው። እንግዲህ ወጣቱን ወደ ተሻለ ስፍራ ለመሳብ የሚፈልግ ሁሉ፣ ከምክር አስቀድሞ እንደዚያው ያለ ክፍት በር ማዘጋጀት ይኖርበታል።

የሰፈር ማዕከል የሚባለው ነገር መነሻው እንዲህ ያለው በር ነው። ከጥንታውያኑ አንዱ በለንደን ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ኋይትቻፕል በሚባለው የድኾች ሰፈር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 የተከፈተው ቶይንቢ ሆል ነው (ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። መሥራቾቹ ቄስ ሳሙኤል ባርኔትና ባለቤታቸው ሄንሪታ ነበሩ። አሳባቸው ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ወጣቶች ለድኻው ገንዘብ ጥለው እንዲሄዱ ሳይሆን ከድኻው ጋር ጎረቤት ሆነው እንዲኖሩ ነበር። ኋላ በ1945 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ክሌመንት አትሊም በወጣትነታቸው በዚህ ቤት ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል።

ይህን ቤት በ1888 ከጎበኙት እንግዶች አንዷ ወይዘሪት ጄን አዳምስ የሚባሉ አሜሪካዊት ነበሩ። አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ከጓደኛቸው ከወይዘሪት ኤለን ጌትስ ስታር ጋር በሺካጎ ከተማ አንድ ያረጀ ትልቅ ቤት ተከራዩና በመስከረም ወር 1889 ሀል ሐውስ የተባለውን ማዕከል ከፈቱ። ሰፈሩ ከጣሊያን፣ ከግሪክ፣ ከጀርመን፣ ከሩስያና ከሌሎችም አገሮች በመጡ ሠራተኞች የተጨናነቀ ነበር። መጀመሪያ የተከፈተው የሕፃናት መዋያ ነው። ከዚያም የወጣት ክበብ፣ የሥዕል አዳራሽ፣ የስፖርት ቤት፣ የሕዝብ መታጠቢያ፣ ቲያትርና የሙዚቃ ትምህርት ቤት እየተጨመሩ በ1907 ማዕከሉ 13 ሕንፃዎች ያሉት ሆነ። በኋላ በዓለም ስመ ጥር የሆነው የክላርኔት ተጫዋች ቤኒ ጉድማን፣ የድኻ ልብስ ሰፊ ልጅ ሳለ በሀል ሐውስ የልጆች ሙዚቃ ጓድ ውስጥ ተጫውቷል።

የመጫወቻ ሜዳቸው ታሪክም የሚገርም ነው። በማዕከሉ አጠገብ ዊልያም ኬንት የሚባል ባለጸጋ የወረሳቸው፣ ለሰው መኖሪያ የማይገቡ ቤቶች ነበሩ። የቤቶቹ መጥፎነት በአደባባይ በተነገረበት ጊዜ ባለቤቱ ተቆጥቶ በመጣላት ፈንታ ቦታውን ለማዕከሉ ሰጠ። ቤቶቹም ተነሥተው በ1890ዎቹ ለሰፈሩ ልጆች መጫወቻ ሜዳ ተከፈተ። በከተማችን ትርፍ ቦታ የለም የሚል አባባል በሰማሁ ቁጥር ይህ ሰው ትዝ ይለኛል።

ይሁን እንጂ የተጀመረው ሁሉ የተሳካ አልነበረም። ሴቶቹ የሰፈሩ ሰው በደንብ አይመገብም ብለው በማሰብ፣ ከሳይንስ ጋር የተስማማ ገንቢና ርካሽ ምግብ የሚያበስል የሕዝብ ወጥ ቤት አቋቋሙ። ምግቡ በሚገባ ተጠንቶ ተዘጋጀ፤ ነገር ግን የሚገዛው ጠፋ። ጣሊያኑ የጣሊያንን፣ ግሪኩ የግሪክን ምግብ የለመደ ስለ ሆነ፣ ይጠቅምሃል ስለ ተባለ ብቻ የለመደውን የሚተው አልተገኘም። በዚያው ቤት የቡና መጠጫ ሲከፈት ግን ሰዉ መጣ (በእኛ አገር ቡና ቤት የሚባለውን የመጠጥ ቤት ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም የተከፈተው መጠጥ ቤትን እንዲተካ ነበር)። ወይዘሪት አዳምስ ይህን ውድቀታቸውን ሳይደብቁ በመጽሐፋቸው ጽፈውታል። እኔም ስለ ሀል ሐውስ ካነበብኩት ሁሉ ይበልጥ የወደድኩት ይህንኑ ነው። የሰፈሩን ሰው ሳይጠይቁ ለሰፈሩ ሰው መሥራት እንዴት እንደሚከሽፍ ከዚህ የሚሻል ማስረጃ አላገኘሁም።

ወላጆች በተለይ እንዲያነቡልኝ የምፈልገው የሚከተለውን ነው። በሺካጎ የስደተኞቹ ልጆች እንግሊዝኛ ለመዱ፤ አለባበሳቸውም እንደ አገሩ ሆነ፤ ወዲያውም ሻሽ ባሰሩት፣ ቋንቋውን ባልቻሉት እናቶቻቸው ማፈር ጀመሩ። ይህን ያዩት ወይዘሪት አዳምስ በ1900 የሥራ ቤተ መዘክር የሚሉትን ክፍል ከፈቱ። በዚያ ውስጥ ከጣሊያን፣ ከሶርያ፣ ከግሪክ፣ ከሩስያና ከአየርላንድ የመጡ ሴቶች ሱፍና ጥጥ እንዴት እንደሚፈተል ለጎብኚዎች ያሳዩ ነበር። አንዲት ጣሊያናዊት ልጃገረድ እናትዋ ለፈትል፣ እርስዋ ደግሞ ለምግብ ሥራ ትምህርት በአንድ ምሽት ይመጡ ነበር። ልጅቱ ግን እናትዋን በፊት ለፊቱ በር ትታ እርስዋ በጎን በር ትገባለች፤ ባላገር ከሆነች እናት ጋር እንዳትታይ ነው። አንድ ምሽት ግን የተማሩ እንግዶች የእናትዋን የእጅ ሥራ እያደነቁ ከበዋት አየች። ስለ እናትዋም ጠየቀች፤ በተወለደችበት መንደር ምን ያህል የተከበረች ፈታይ እንደ ነበረች ተነገራት። ከዚያ በኋላ በአንድ በር መግባት ጀመሩ።

እኛ ባሕር ተሻግረን አልተሰደድንም። ቢሆንም በትምህርት ቤት በር ላይ ነጠላዋን ያጣፋች እናቱን ሲያይ እርምጃውን የሚያዘገይ ተማሪ የለም ብሎ የሚምል ይኖራል? እንዝርትና ደጋን በብዙዎቻችን ቤት ዛሬም አለ፤ ሲሠራበት ቆመን ያየን ግን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ማዕከል ለወጣት ብቻ ሲሆን ግማሽ ሥራ ነው። እናትና አባት የሚያስተምሩበት ወንበር በውስጡ ካልተገኘ ልጆቹን ከቤተሰቡ ይበልጥ ያርቃቸዋል እንጂ አያቀርባቸውም።

ዛሬ በሜዳችን የምንጫወታቸው ሁለት ጨዋታዎችም ከእንዲህ ያለ ማኅበር ቤት የወጡ ናቸው። ወወክማ ብለን የምንጠራው የወንዶች ወጣቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር በ1844 በለንደን ሲመሠረት፣ መሥራቹ ጆርጅ ዊልያምስ የጨርቅ ሱቅ ሠራተኛ የሆነ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ በሚገኘው የማኅበሩ ማሠልጠኛ፣ ጄምስ ናይስሚዝ የተባለ መምህር በታኅሣሥ ወር 1891 በክረምቱ ብርድ ምክንያት ቤት ውስጥ ተዘግተው የተሰላቹ ተማሪዎቹን የሚያጫውትበት ቢያጣ፣ ሁለት የኮክ ፍሬ ቅርጫቶች በሰገነቱ ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ 13 ደንቦች ጻፈ። ሰገነቱ ከመሬት ያለው ርቀት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ያህል ስለ ነበረ፣ ቅርጫት ኳስ እስከ ዛሬ በዚያው ከፍታ ይሰቀላል። በ1895 ደግሞ በዚያው ክፍለ አገር የሌላ ከተማ የማኅበሩ መምህር ዊልያም ሞርጋን፣ ቅርጫት ኳስ ለሚከብዳቸው በዕድሜ ገፋ ላሉ ሰዎች መረብ ኳስን ፈለሰፈ። ሁለቱም ጨዋታዎች የተገኙት አንድ አሠልጣኝ ከፊቱ ያሉት ሰዎች ምን እንደ ቸገራቸው በማየቱ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ አራት ኪሎ የነበረውን ወወክማ አያቶቻችን በናፍቆት ያነሡታል። በደርግ ዘመን ማኅበሩ ተዘግቶ ንብረቱ ተወርሶ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ እንደገና ተቋቁሟል። ከዚያ ወዲህም በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች «የወጣት ማዕከል» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለባቸው ብዙ ቤቶች ተሠርተዋል። ቤት መሠራቱ መልካም ነው፤ ጥያቄው በውስጡ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ማዕከል አዳራሹን አብዛኛውን ቀን ለስብሰባ፣ ቅዳሜና እሑድ ለሠርግ ይሰጣል። የመጻሕፍት ክፍሉ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ በ11 ሰዓት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወጣቱ ትምህርቱን ጨርሶ ሲደርስ የሚያገኘው የዘበኛውን ሰላምታ ብቻ ነው። ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ግን ወጣቱ እንደሚመጣ፣ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ በተከፈተው አብርሆት ተመልክተናል። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መንገዶች ለግማሽ ቀን ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ በተለቀቁ ጊዜም፣ ልጆች ኳስና ብስክሌት ይዘው አስፋልቱን እንዴት እንዳጥለቀለቁት ያየ ሰው ፍላጎት የለም ሊል አይችልም።

በእስራኤል አገር የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ማትናስ የሚለውን ቃል ያውቁታል። ቃሉ በዕብራይስጥ የባህል፣ የወጣትና የስፖርት ማዕከል ማለት የሆነው ስም አሕጽሮት ነው። በየሰፈሩ ይገኛል፤ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ በየሰዓቱ ይገቡበታል። ለእኛ የሚጠቅመው ዋናው ነገር የሰዓት ድልድሉ ይመስለኛል። አንድ ክፍል ጠዋት የሕፃናት፣ ከቀትር በኋላ የተማሪዎች፣ ማታ የወላጆች ሲሆን ሦስት ቤት መሥራት አያስፈልግም።

ስለ ቤት ካነሣን አይቀር በሰፈራችን የተረሳ አንድ ሀብት አለ፤ ዕድር ነው። ብዙ ዕድሮች ዕቃ ቤት፣ ድንኳን፣ በመቶ የሚቆጠር ወንበር፣ ድስትና ሰሐን አላቸው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አላቸው፤ ሁሉንም በር የሚያውቅ ጡሩምባ ነፊም አላቸው። ጎረቤትን በጎረቤት የማስተዳደር ጥበብ፣ ባርኔትና አዳምስ በብዙ ድካም የፈለጉት፣ ለእኛ አባቶችና እናቶች የዕለት ሥራ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ዕቃ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ሃምሳ ወንበር ለጥናት ቢሰጥ ለቅሶው ይጎድላል ብዬ አላምንም። «ወንበሩ ይሰበራል» የሚሉ የዕድር ሹማምንት እንዳሉ አውቃለሁ፤ እውነታቸውን ነው፣ ይሰበራል። የሰበረው ይጠግን የሚል ደንብ ግን ዕድሩ ለጠፋ ሰሐን አስቀድሞ ደንግጓል።

ስለ ሴት ልጆች ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። በየማዕከሉ የሚታየው ወንድ ነው። ምክንያቱ ሴቶች ጨዋታ ስለማይወዱ አይደለም። ከትምህርት ስትመለስ ውኃ መቅዳቱ፣ እንጀራ መጋገሩና ታናናሾችን መጠበቁ እስዋን ይጠብቃታል፤ ያን ጨርሳ ስትወጣ መሽቷል፤ ሲመሽ ደግሞ ወላጅ ይሰጋል። ስጋቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት፣ ወላጆች የሚያውቋት ሴት ኃላፊ፣ ከሁሉም በላይ ታናሽ ወንድምዋን አዝላ ብትመጣ የሚቀመጥበት ጥግ ያስፈልጋል። ሀል ሐውስ በሕፃናት መዋያ የጀመረበት ምክንያት አሁን ይገባናል፤ ሕፃኑ ቦታ ሲያገኝ እናቱና እኅቱ እጃቸው ይፈታል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ ደግሞ የሀል ሐውስ ፍጻሜ ያስጠነቅቃል። ወይዘሪት አዳምስ በ1931 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ካንድ ሌላ አሜሪካዊ ጋር ተካፍለው በ1935 ዐረፉ። በ1960ዎቹ ከሕንፃዎቹ አብዛኞቹ ለዩኒቨርሲቲ ግንባታ ፈረሱ፤ የቀድሞው ቤት ዛሬ ቤተ መዘክር ነው። ሥራውን በሌሎች ቦታዎች የቀጠለው ማኅበር ግን በብዛት ከመንግሥት በሚያገኘው ገንዘብ ላይ ተደግፎ ስለ ነበር፣ ያ ሲቀንስበት በጥር ወር 2012 ተዘጋ። ከ120 ዓመት የሚበልጥ ሥራ ገንዘብ በማጣት ቆመ ማለት ነው። በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ ከመቆም በወር ጥቂት ብር ከብዙ ቤት መሰብሰብ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ይህንም ከማንም ይልቅ ዕድር ያውቀዋል።

ለጊዜው እኛ በቅርባችን ያለውን ተመልክተናል። የትምህርት ቤታችን ሜዳና ሁለቱ የታችኛው ፎቅ ክፍሎች ከ10 ሰዓት በኋላ ይቆለፋሉ፤ ቅዳሜም አይከፈቱም። እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት እንዲከፈቱ የሚያስፈልገው ለዘበኛው የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ተራ የሚገቡ ሁለት ወላጆች (አንደኛዋ ሴት ብትሆን)፣ አንድ መረብ፣ ሁለት ኳስና ለታናናሾቻችን ምንጣፍ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ለሴቶች ተብሎ የሰዓት ሠንጠረዡን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አዘጋጅተናል፤ ለዳይሬክተሩም ቀርቧል። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ስለሚነሣ፣ አባቶችና እናቶች ተራ ለመግባት የሚመቻቸውን ቀን አስበው እንዲመጡ በአክብሮት እንለምናለን።