ከሰበታ የሚነሳው ሐዲድ

ሱሉልታም ሆነ ቡራዩ ላለ ሰው ውጭ አገር መሄድ ማለት ቦሌ መውረድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ካይሮ ድረስ ከበረረ ወዲህ መንገደኛው የለመደው ሰማዩን ነው። የየብሱም በር ግን እዚሁ ደጃችን ነው። የሱሉልታው አስፋልት በጎጃም አድርጎ ወደ መተማ፣ ወደ ሱዳን ይወስዳል። በቡራዩ ወጥቶ ምዕራቡን ይዞ የሚወርድ ደግሞ ጋምቤላ ይደርሳል፤ በክረምት ባሮ ሲሞላ እስከ ካርቱም የሚመላለሱ የእንፋሎት መርከቦች መልሕቅ የሚጥሉበት ዘመን ነበረ።

ከሁሉም ሰበታ ይለያል፤ የኢትዮ ጅቡቲ የባቡር መስመር አንዱ ጫፍ እዚያ ነው። ሐዲዱ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስቶ በአዳማ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ አልፎ ደወሌ ላይ ድንበሩን ይሻገርና ነጋድ ሲደርስ ባሕሩ ዳር ወርዷል። 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቡሩ ናፍጣ አይፈልግም፤ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል፣ ጣሪያው ላይ ያለው ክንድ ሽቦውን ከሥር እየታከከ ኃይሉን ለሞተሩ ያቀብላል። እስከ አዳማ ሐዲዱ ድርብ ነው። ከዚያ ወዲያ ነጠላ ስለሆነ አንዱ ባቡር ጣቢያ ቆሞ ከፊት የሚመጣውን ማሳለፍ አለበት።

የቀድሞው ባቡር፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ የገባው፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነበር። የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው፤ ስለዚህ የድሮው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አይሄድም። አፄ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ሲሰደዱ በዚያ ባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሃይፋ ተሻገሩ።

አዲሱ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ በ2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ዋና እንጀራው ጭነት ነው፤ ኮንቴይነሩ ከዶራሌ ወደብ ወደ መሀል አገር ይወጣበታል። ሰው ግን የሚሳፈረው አዲስ አበባ፣ ለቡ ጣቢያ ነው። የሐዲዱ መነሻ በደጁ ያለ የሰበታ ሰው ባቡር ፍለጋ ወደ ለቡ መውጣቱ ያስቆጨኛል፤ ጣቢያው ለመንገደኛም ቢከፈት ሆለታና ወሊሶ ያለው ሁሉ ይጠቀምበት ነበር። ጅቡቲ ድረስ የሚሄድ ሰው የጉዞ ሰነዱን አስቀድሞ ያሟላ፤ ድሬዳዋ ድረስ ለሚሄድ ግን መታወቂያው ይበቃዋል።