ፒክአፕዎ ሲነዝር በሽታውን ሳይሆን ምልክቱን ይንገሩ

ፒክአፔ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ከሥሩ «ኳ» ማለት ጀምሮ ነበር። ፍጥነቱ 80 ሲደርስ ደግሞ ወለሉና መቀመጫው እንደ ሞባይል ይነዝራሉ። ጋራዥ ሄጄ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ካምቢዮው አስቸግሮኛል»። እነሱም ካምቢዮውን አወረዱ፤ ፈቱ፤ ዕቃ ቀየሩ፤ መልሰው ገጠሙ። ሒሳቡን ከፍዬ ስወጣ ያው «ኳ» የግቢው በር ላይ ተቀበለኝ።

ሌላ ጋራዥ ያገኘኋቸው አዛውንት መካኒክ ግን መፍቻ አላነሱም። «ልጄ፣ በሽታውን ተወውና መቼ መቼ እንደሚያመው ንገረኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሞተሩን አስጠፍተው፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፈው፣ ማርሹን ዜሮ አድርገው ከሥር ገቡ። ከካምቢዮው ወደ ኋላው ዲፈረንሻል የሚሄደውን ሻፍት በእጃቸው ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ክሮቼራው ላይ የተፈጠረውን ክፍተት አሳዩኝ። ክሮቼራ ሻፍቱ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያስችለው፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው ማያያዣ ነው። የፊተኛው በጉዞ ላይ ቢበጠስ የሻፍቱ ጫፍ ወድቆ አስፋልቱን ሊወጋ፣ መኪናውንም ሊገለብጥ ይችላል። ዋጋው ግን ለካምቢዮው ከከፈልኩት ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ጋራዥ ከመሄዴ በፊት ራሴን የምጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፣ ንዝረቱ የሚከተለው ሞተሩን ነው ወይስ ፍጥነቱን? መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሲሰጡት ከነዘረ ችግሩ ከሞተሩ ወይም ሞተሩን ከያዙት ጎሚኒዎች ነው። በጉዞ ላይ ለአፍታ ፍሪሲዮን ረግጠው፣ የሞተሩ ዙር ወርዶም ንዝረቱ ከቀጠለ ግን ፊትዎን ወደ ጎማና ወደ ሻፍት ያዙሩ።

ሁለተኛ፣ መንቀጥቀጥ ነው ወይስ ደቃቅ ንዝረት? በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዱ የፒክአፕ ጎማ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ይዞራል። ዲፈረንሻሉ ዙሩን ስለሚቀንስ ሻፍቱ የሚዞረው የዚያን 4 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ባላንስ የሳተ ጎማ ወይም የተጣመመ ቸርኬ መኪናውን ያንቀጠቅጣል፤ የሻፍት ችግር ግን ይነዝራል። የሚንቀጠቀጠው መሪው ከሆነ የፊት፣ መቀመጫው ከሆነ የኋላ ጎማዎችን ይጠርጥሩ።

ሦስተኛ፣ ሲታጠፉ ምን ይለወጣል? ከፍጥነት ጋር የሚጨምርና ወደ ግራ ሲታጠፉ የሚብስ ጉምጉምታ ብዙውን ጊዜ የቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ማለቁን ይጠቁማል፤ ክብደቱ ወደዚያ ስለሚያጋድል ነው። የአስፋልቱ ዓይነት ሲለወጥ ድምፁም ከተለወጠ ግን ጥፋተኛው እኩል ያልተበላ ጎማ ሊሆን ይችላል።

በደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብተው ሲታጠፉ መኪናው ከታነቀ ደግሞ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ብዙዎቹ የሥራ ፒክአፖች የፊቱንና የኋላውን ዙር የሚያቻችል የመሃል ዲፈረንሻል የላቸውም። ወደ ሁለት ጎማ ይመልሱት።

ቀጠሮ የማይሰጠው ምልክት ጎማ ካስቀየሩ በኋላ የሚጀምር መንኳኳትና መወዛወዝ ነው። ብሎን ላልቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ዳር ይያዙና ይቁሙ። ጎማ በተፈታ ቁጥርም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር እንደተጓዙ ብሎኖቹን ደግመው ያስጠብቁ።

ሌላውን ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ በስንት ፍጥነት፣ ነዳጅ ሲሰጡ ወይስ ሲለቁ፣ በየትኛው መታጠፊያ። ለመካኒኩ ይህን ይስጡት። «ካምቢዮው ነው» ማለቱን ለእሱ ይተዉለት።