ተረትና እውነታ፦ እግር ማጠብ በፕላሴቦ ይፈተናል?

በወላይታ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ሰው እግሩ ሲያብጥ «እርግማን ነው» የሚሉት ብዙ ናቸው። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ በተለምዶ ዝሆኔ ይባላል። መነሻው ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተገኘ አፈር ነው፤ የአፈሩ ብናኝ በቆዳ እየገባ በሽታውን ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ዞን ከ100 ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው እንደታመመ አሳይቷል። በዞኑ ከተማ በሶዶና በዙሪያዋ ሕሙማኑ እግራቸውን በሳሙና መታጠብን፣ ቅባት መቀባትንና ጫማ ማድረግን ከተማሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። ሕክምናው እንደሚሠራ በምን ይታወቃል?

«ከታከምኩ በኋላ ተሻለኝ፤ ያዳነኝ ሕክምናው ነው» የሚለው አይበቃም። ይህ ሕመም ይነሣል፣ ይበርዳል። ሰው ወደ ሐኪምም ሆነ ወደ ፀበል የሚሄደው ሲብስበት ስለሆነ፣ ምንም ባይደረግለትም ብዙ ጊዜ ይቀለዋል። ንጽጽር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለንጽጽር መድኃኒት መስሎ የሚሰጠው፣ መድኃኒት ግን የሌለበት ነገር ፕላሴቦ ይባላል። «ፕላሴቦ በእምነት ይፈውሳል» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ በአስም ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ነገሩን ለይቶ አሳይቷል። የሳንባቸው ትንፋሽ በእውነተኛው መድኃኒት 20 ከመቶ ገደማ ሲሻሻል፣ በፕላሴቦም ያለ ሕክምናም የተሻሻለው 7 ከመቶ ያህል ብቻ ነበር። ሕሙማኑ ግን በፕላሴቦም በመድኃኒቱም ተቀራራቢ እፎይታ እንዳገኙ ተናገሩ። ሳንባው ባይከፈትም ጭንቀቱ ቀሎላቸዋል። ይህ እፎይታ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ጥርስ በተነቀሉ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የሞርፊንን ሥራ የሚያግደው ናሎክሶን በፕላሴቦ የመጣውን የሕመም ማስታገስም ቀንሶታል። ሰውነት የራሱን ማስታገሻ እንደሚያመነጭ የጠቆመው ይህ ነው።

ከሁሉ የሚያከራክረው «ፕላሴቦ የሌለው ጥናት ዋጋ የለውም» የሚለው ነው። ግን እግሩን የታጠበ ሰው እንዳልታጠበ ሊታለል አይችልም፤ ስለዚህ እግር ማጠብን በፕላሴቦ መፈተን አይቻልም። በምሥራቅ ጎጃም የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት 696 የፖዶኮኒዮሲስ ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ አንዱ ቡድን ወዲያው ታከመ፣ ሌላው ከ12 ወር በኋላ። በዓመቱ ውስጥ ሕመሙ በታከሙት ላይ በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ በሚጠብቁት ላይ 23.9 ጊዜ ተነሣ። መዝጋቢዎቹ ራሳቸው ሕሙማኑ ነበሩ፤ የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳሉም ያውቃሉ። ስለዚህ ከልዩነቱ ስንቱ የሳሙናው፣ ስንቱ የተስፋው እንደሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይነግረንም።

ፈላስፋው አዶልፍ ግሩንባውም እንዳስተማረው፣ ፕላሴቦ የሚባለው ምን እንደሆነ የሚወሰነው ከሕክምናው የትኛው ክፍል ዋናው፣ የትኛው አጃቢው ነው ብለን አስቀድመን ስንለይ ነው። ጎረቤት የሚሸሸውን እግር የጤና ባለሙያ በእጁ ሲይዘው፣ ያ መያዝ አጃቢ ነው ወይስ ሕክምና? እኔ የሕክምናው አካል ነው እላለሁ። የምሥራቅ ጎጃሙ ጥናት የጠየቀው ሙሉው እንክብካቤ ይጠቅማል ወይ ብሎ ነው፤ ለዚህም መልሱ ይጠቅማል ነው። ሳሙናው ብቻውን ሠርቷል ለማለት ግን ሌላ ጥናት ያስፈልጋል።

በሶዶም ሆነ በሌላ ቦታ በጥናት ተሳተፉ ስትባሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የንጽጽሩ ቡድን ምን ያገኛል? ሕክምናው ከሠራ እኛስ መቼ እናገኘዋለን? ጥናቱን ብንተው መደበኛ ሕክምናችን ይቀርብናል ወይ?