የሜይን ሁለተኛው የኮንግረስ ምርጫ ወረዳ ገጽታ

በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ የምትገኘው የሜይን ግዛት በሁለት የኮንግረስ ምርጫ ወረዳዎች የተከፈለች ስትሆን፣ ከካናዳ የሚዋሰነው ሁለተኛው ወረዳ አብዛኛውን የግዛቲቱን የቆዳ ስፋት ይሸፍናል። ሉዊስተንና ባንጎር ዋና ዋና ከተሞቹ ናቸው።

የወረዳው ኢኮኖሚ በደን ውጤቶች፣ በአሩስቱክ የድንች እርሻና በባሕር ዳርቻው የሎብስተር ማስገር ሥራ ላይ ያተኮረ ነው። በርካታ የወረቀት ፋብሪካዎች መዘጋታቸው ግን የሥራ ዕድሉን አጥብቦታል።

ግዛቲቱ ካሏት አራት የፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ወኪሎች ሁለቱን ለጠቅላላ አሸናፊው፣ አንድ አንዱን ደግሞ በየወረዳው ላሸነፈው ዕጩ ትሰጣለች። በዚሁ መሠረት ዶናልድ ትራምፕ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በ2020 እና በ2024 በግዛት ደረጃ ቢሸነፉም የዚህን ወረዳ ድምፅ አግኝተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ለተወካዮች ምክር ቤት በተካሄደው ምርጫ ሪፐብሊካኑ ብሩስ ፖሊኩዊን በመጀመሪያው ቆጠራ ቢመሩም ከግማሽ በላይ ድምፅ አላገኙም። በመሆኑም በቅደም ተከተል ምርጫ ሕግ መሠረት ከውድድሩ የወጡ ዕጩዎች ደጋፊዎች ተከታይ ምርጫ ተደምሮ ዲሞክራቱ ጃሬድ ጎልደን አሸንፈዋል።

ጎልደን በ2020 እና በ2024 ጭምር መመረጣቸው፣ ወረዳው በአንድ ቀን ለሁለት ተፎካካሪ ፓርቲዎች ዕጩዎች አብላጫ ድምፅ መስጠቱን ያመለክታል።