የጡት ካንሰርን ለመታገል 100 ኪሎ ሜትር በእግር መጓዝ ለምን አስፈለገ?

በእንግሊዝ ትኖር የነበረችው ክሪስ ሃለንጋ ጡቷ ላይ እብጠት ስታገኝ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። ሐኪም ዘንድ ብትሄድም ከሆርሞን ለውጥ የመጣ ነው ተብላ ተመለሰች። በአውሮፓውያኑ 2009፣ በ23 ዓመቷ፣ ካንሰር መሆኑ ሲረጋገጥ በሽታው አራተኛ ደረጃ ደርሶ ወደ አከርካሪዋ ተዛምቶ ነበር።

በዚያው ዓመት ከመንታ እህቷ ጋር 'ኮፓፊል' የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረተች። ዓላማው ወጣቶች ጡታቸውን በየጊዜው እንዲፈትሹ ማስተማር ነው። ድርጅቱ ገንዘብ ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ ቀናት የሚወስድና እስከ 100 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የእግር ጉዞ ነው። ክሪስ በ2024 በ38 ዓመቷ ብታርፍም ጉዞው አልተቋረጠም።

ገንዘቡ እንዴት ይሰበሰባል?

በእንዲህ ያሉ ጉዞዎች ተጓዡ የመመዝገቢያ ክፍያ ይፈጽማል፤ ቢያንስ የተወሰነ ገንዘብ ለማሰባሰብም ቃል ይገባል። ከዚያም ለወራት ዘመድ ወዳጁንና የሥራ ባልደረቦቹን ይጠይቃል። የሚጠየቀው ሰው ምክንያቱን ማወቁ አይቀርምና፣ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ በይሉኝታ የማይነሳው የጡት ጤንነት ጉዳይ መነጋገሪያ ይሆናል። ምናልባትም የጉዞው ትልቁ ፋይዳ ይህ ነው።

ነቀፌታም አልጠፋም። በ1998 በአሜሪካ ከሳንታ ባርባራ እስከ ሎስ አንጀለስ፣ 96 ኪሎ ሜትር ገደማ በሦስት ቀን የሚሸፍን ጉዞ በኤቨን ኩባንያ ስም ተጀመረ። ብዙ ገንዘብ አስገኝቷል። ነገር ግን አዘጋጁ ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት በመሆኑ ከመዋጮው ምን ያህሉ ለዝግጅቱ ወጪ እንደሚውል አከራካሪ ሆነ፤ በ2002 ኤቨን ከአዘጋጁ ጋር ተለያየ። ለጋሹም የተጓዡ የአውሮፕላንና የማረፊያ ወጪ ከራሱ ኪስ ነው ወይስ ከመዋጮው ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም።

ከመነሳት በፊት

በምሥራቅ አፍሪካ ብዙዎች ለዚህ መሰል ዓላማ የሚመርጡት 5,895 ሜትር ከፍታ ያለውን ኪሊማንጃሮን ነው። እዚያ ከእግር ጥንካሬ ይልቅ ከፍታውን ቀስ ብሎ መላመድ ይበልጣል። አዲስ ጫማ አድርጎ መነሳት በመጀመሪያው ቀን እግርን ያቆስላል። ከካንሰር ያገገሙ ሴቶች፣ በተለይም የብብት ንፍፊታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው፣ ክንዳቸው ሊያብጥ ስለሚችል ስለ ሻንጣው ክብደትና ማንገቻ አስቀድመው ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው።

ሌላው ረጅም ጉዞ

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በ2022 በዓለም ዙሪያ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች በጡት ካንሰር መያዛቸው ታውቋል፤ 670 ሺህ ያህሉም ሞተዋል። ድርጅቱ አንዲት ሴት ሕመሟን ለጤና ባለሙያ ባሳወቀች በ60 ቀናት ውስጥ ምርመራዋ እንዲጠናቀቅ ይመክራል።

በኢትዮጵያ ግን የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከሩቅ አካባቢ የምትመጣ ታካሚ ቤትና ልጆቿን ትታ፣ የአውቶብስ መሳፈሪያና የመኝታ ኪራይ ከፍላ ወረፋ ትጠብቃለች፤ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላም ለሳምንታት መመላለስ ይኖርባታል። እንዲህ ያሉ ሴቶችን ተቀብለው የሚያሳርፉ የበጎ አድራጎት ማረፊያዎች በከተማዋ አሉ። የሚተዳደሩትም በመዋጮ ነው።